ቡድኑ የሴቶች፣ ፊሽካውና ወንበሩ የማን?

ታይትል ናይን በሚል ስም የሚታወቀው የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲጸድቅ፣ በአሜሪካ ኮሌጆች የሴት ቡድኖችን ከሚመሩ አሥር አሠልጣኞች ዘጠኙ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ሕጉ ለሴቶች ስፖርት በጀትና ክብር አመጣ፤ በጀቱና ክብሩ ሲመጣ ግን ወንበሩን በብዛት የያዙት ወንዶች ሆኑ።

ይህ ታሪክ በዴንቨርና በአውሮራ እንዳይደገም የሚያግድ ነገር የለም። ዴንቨር በጥር 2025 የብሔራዊ የሴቶች እግር ኳስ ሊግ ክለብ ተፈቀደላት። በዚያው ዓመት ግንቦት የከተማው ምክር ቤት ለስታዲየሙ ቦታ ግዢና ዝግጅት እስከ 70 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። የዴንቨር ሰሚት የመጀመሪያ ዋና አሠልጣኝ ሆነው የተሾሙት ኒክ ኩሺንግ ናቸው። ማንቸስተር ሲቲን በ2016 የእንግሊዝ ሴቶች ሊግ ሻምፒዮን ያደረጉ ሰው ስለሆኑ በብቃታቸው የሚከራከር የለም። ይሁን እንጂ የሕዝብ ገንዘብ የሚፈስበት ክለብ ስንት ሴት አሠልጣኞችን ለማፍራት እንዳቀደ መጠየቅ የከፋዩ ሕዝብ መብት ነው።

ክርክሩ ይበልጥ የሚከብደው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። ጽሕፈት ቤቱ አውሮራ የሚገኘው የኮሎራዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የውድድር ማኅበር በ2024 የልጃገረዶችን ፍላግ ፉትቦል በይፋ ተቀበለ። በአንድ ውሳኔ ብዙ አዳዲስ የአሠልጣኝነትና የዳኝነት ቦታዎች ተከፈቱ። እነዚህን ቦታዎች ማን እንደያዘ ግን የፌዴራል ሕግ ማንንም አያስገድድም፤ በ1994 የወጣው የስፖርት እኩልነት መረጃ ሕግ አሠልጣኞቻቸውን በጾታ ቆጥረው እንዲያሳውቁ የሚያዝዘው ኮሌጆችን ብቻ ነው።

«አመልካች ሴት ጠፋች» የሚለው መልስ የተለመደ ነው። ቅጥሩ በትውውቅ ሲፈጸም፣ ልምምዱ ልጅ ከትምህርት ቤት በሚወጣበት ሰዓት ሲሆን፣ ጀማሪ ዳኛን የሚሳደብ ወላጅም ያለ ቅጣት ወደ ቤቱ ሲመለስ አመልካች ከየት ይመጣል? ብቃትማ ተፈትኖ አልፏል። በሙያቸው ፋርማሲስት የሆኑት ሊዲያ ታፈሰ በጥር 2021 በቻን ውድድር የናሚቢያና የታንዛኒያን የወንዶች ጨዋታ በመሃል ዳኝነት መርተዋል። ስቴፋኒ ፍራፓርት ደግሞ በ2022 የኮስታሪካንና የጀርመንን የዓለም ዋንጫ ግጥሚያ ዳኝተዋል። (በሊዲያ ስም የሚኮራው የአውሮራ ኢትዮጵያዊ ማኅበረሰብ ለአንዲት ልጃገረድ የዳኝነት ኮርስ ክፍያ ቢሸፍን ኩራቱ ይበልጥ ያምርበታል።)

የኮሎራዶ ምክር ቤት በኮሌጆች ላይ ያለውን የቆጠራ ግዴታ በሕግ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሊያወርድ ይችላል፤ ዳኞችም በቆጠራው ሊካተቱ ይገባል። የዴንቨርና የአውሮራ ከተሞች የሜዳ ፈቃድ የሚሰጡ እንደ መሆናቸው፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ሊግ ሁሉ የአሠልጣኞቹንና የዳኞቹን ቁጥር በጾታ ለይቶ እንዲያቀርብ፣ ዳኛ ለሚያንቋሽሽ ተመልካችም የጽሑፍ የቅጣት ደንብ እንዲኖረው ማስገደድ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው በማመልከቻው ቅጽ ላይ የሚጨመር አንድ ገጽ ነው።