ልምምዱ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ይግባ

ከሚወለዱ አሥር ሕፃናት ዘጠኙ ያህል ያለ ማንም እርዳታ ይተነፍሳሉ። እርዳታ ከሚሹት መካከል ለብዙዎቹ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅና ጀርባቸውን ማሸት ይበቃል። ይህ ላልበቃቸው በአምቡ ባግና በማስክ አየር ወደ ሳንባቸው መስጠት ግድ ይሆናል። የደረት ግፊት ወይም መድኃኒት እስከሚያስፈልገው የሚደርሰው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ታፍኖ የተወለደን ሕፃን ለማዳን በቅድሚያ የሚፈለገው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ማስኩን አጥብቆ ገጥሞ የደረቱን ከፍ ዝቅ ማለት የሚያረጋግጥ እጅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ እጅ በአንድ ጊዜ ሥልጠና አይገኝም የሚል ነው።

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2016 ከነበረበት 26 በመቶ በ2019 ወደ 48 በመቶ አድጓል። በ2016 ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 29 የነበረው የጨቅላ ሕፃናት ሞት ግን በ2019ኙ ጥናት ዝቅ ብሎ አልታየም። ያለ ጊዜ መወለድና ኢንፌክሽን በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ቢሆንም እናቶች ጥሪውን ሰምተው መጥተዋልና፣ ሲመጡ ምን ጠበቃቸው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በታንዛኒያ ገጠር በሚገኘው በሃይዶም ሉተራን ሆስፒታል የተደረጉ ጥናቶች እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራሉ። በአንደኛው፣ በአምቡ ባግ አየር መስጠት በ30 ሰከንድ በዘገየ ቁጥር ሕፃኑ ለሞት ወይም ለረዘመ የሆስፒታል ቆይታ የመጋለጥ ዕድሉ በ16 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። በሌላው፣ የአንድ ቀን ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች በአሻንጉሊት ላይ ሲፈተኑ ተሻሽለው ቢገኙም በማዋለጃ ክፍል የሚያደርጉት አልተለወጠም። በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት የቀነሱት አጭርና ተደጋጋሚ ልምምድ እዚያው ሥራ ቦታ ላይ ከተጀመረ በኋላ ነው።

በእኛ ዘንድ ሥልጠና ማለት አብዛኛውን ጊዜ ከጤና ጣቢያው ርቆ በከተማ አዳራሽ የሚሰጥ፣ ውሎ አበልና የምስክር ወረቀት ያለው የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው። (አበሉን መንቀፌ አይደለም፤ የአዋላጅን ደመወዝ የሚያውቅ አይነቅፈውም።) የሠለጠነችው አዋላጅ ስትመለስ ወደ ሌላ ክፍል ልትዛወር ትችላለች። ጥቂት እናቶች በሚወልዱበት ጤና ጣቢያ ከቀረችም አየር መስጠት የሚያስፈልገው ሕፃን እስኪገጥማት ወራት ያልፋሉ።

ለተግባር ትምህርት በተመደብኩባቸው ተቋማት አምቡ ባግ የሌለው አላጋጠመኝም። ያየሁት ቁልፉ ሌላ ሰው ዘንድ ያለ ቁም ሣጥን፣ 0 እና 1 ቁጥር ማስኮች የተደበላለቁበት መሳቢያና ኦክስጅን እስኪመጣ መጠበቅን ነው። ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደ ሕፃን የክፍሉ አየር ለመጀመር በቂ መሆኑ በዓለም አቀፍ መመሪያዎች ከሰፈረ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በትልልቅ ሆስፒታሎች ብዙ ተስፋ የተጣለበት ሲፓፕም ቢሆን የሚረዳው ራሱ የሚተነፍስን ሕፃን ነው፤ ላልተነፈሰው አይደርስለትም።

የሥራ ጫናው ለልምምድ ጊዜ አይሰጥም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ጫናው እውነት ነው። እዚህ የሚጠየቀው ግን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተረኞች ርክክብ ወቅት፣ አምስት ደቂቃ ነው። አሻንጉሊቱ ሥልጠናው ሲያበቃ ወደ መጋዘን ከሚመለስ ሕፃናት በሚታደሱበት ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጥ።

ሌላው የመዝገቡ ጉዳይ ነው። ቨርጂኒያ አፕጋር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀችው ነጥብ የሚሰጠው ሕፃኑ በተወለደ በአንደኛውና በአምስተኛው ደቂቃ ነው፤ አየር መስጠት ደግሞ የመጀመሪያው ነጥብ ከመሞላቱ በፊት መጀመር አለበት። ስለዚህ ነጥቡ ሕፃኑ እንዴት እንደነበረ እንጂ እኛ መቼ እንደደረስንለት አይነግረንም። በማዋለጃ መዝገብ ላይ አንድ ዓምድ ተጨምሮ ሕፃኑ የተወለደበትና የመጀመሪያው አየር የተሰጠበት ሰዓት ጎን ለጎን ቢጻፍ፣ ሞተው ተወለዱ ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ አየር ሊሰጣቸው ይገባ የነበሩትንም ለይቶ ለማወቅ መንገድ ይከፈታል።