የጎበጠ አግዳሚ በልስን አይቃናም



እንደምታውቁት፣ ወደ ግቢው በሚከፈተው በሰፊው የአዳራሻችን በር ላይ ያለው አግዳሚ እንጨት ጎብጧል። በሩ ከላይ እየተያዘ በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። አንደኛው መስታወት ማንም ሳይነካው ተሰንጥቋል። ከበሩ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅም በግድግዳው ላይ ይታያል። ሲባጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረን ብንለካው መካከሉ 4 ሳንቲ ሜትር ወርዶ አገኘነው።

ጥፋቱ የማን ነው ቢባል የሁላችንም ነው። ቀድሞ በዚያ ቦታ የነበረው በር 2 ሜትር ነበር። ድንኳኑንና ትልልቁን ድስት ለማውጣት ጠበበን ብለን 4 ሜትር አስከፈትነው፤ ቋሚዎቹንም አስነቀልን። አግዳሚውን ግን በዚያው በቀድሞው ውፍረት፣ ያውም በእርጥብ ባህር ዛፍ አሠራነው። “ይችላል ወይ?” ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኛም የኮሚቴው ሰዎች አልጠየቅንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውፍረቱ አንድ ዓይነት የሆነ እንጨት፣ በየሜትሩ የሚሸከመው እኩል ሆኖ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን፣ ጉብጠቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ 16 እጥፍ ይሆናል። እርጥብ ሳለ የተሠራበት እንጨት ደግሞ ሸክም ባይጨመርበትም ከዓመት ዓመት እየወረደ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ከበላዩ ያለው የጭቃ ግድግዳ ውሃ ከጠጣ ይከብዳል። ዛሬ ነገ የምንለው እንግዲህ በዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ስብሰባ ሦስት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ስንጥቁ ተለስኖ ቀለም ይቀባ የሚል ነው። ይህ ቁስልን በነጠላ መሸፈን ነው። ሁለተኛው አግዳሚው ወጥቶ በፌሮና በሲሚንቶ ይሠራ የሚል ነው። መልካም ነው፤ ቁመናውም ያምራል። ነገር ግን ለሐዘን ያስቀመጥነውን ገንዘብ ይጨርሳል። ነገ ሰው ቢሞትብንስ በምን እንቀብራለን? ሦስተኛው መካከሉ ላይ ምሰሶ ይቁም የሚል ነው። አንዳንዶች “ቁመናውን ያበላሻል” ብለው ሳቁበት።

እኛ ግን ሦስተኛውን እንደግፋለን። ምሰሶው ሲቆም 4 ሜትሩ ሁለት በር ይሆናል፤ በየ2 ሜትሩ ድንኳኑም ድስቱም ያልፋል። አሠራሩ ግን በጥንቃቄ ይሁን። አስቀድሞ የአግዳሚው ጫፍና ጫፍ በቢላ ይወጋ፤ ቢላው ሰተት ብሎ ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ በልቶታልና ምሰሶ አያድነውም፣ መለወጥ አለበት። ደህና ከሆነ መስታወቱ ይውጣ፤ በውስጥም በውጭም በጣውላ ላይ የቆመ ድጋፍ ይደረግ፤ ከዚያ በክሪክ በቀን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይነሣ። የዓመታትን ጉብጠት በአንድ ቀን እናቃና ማለት ግድግዳውን መስበር ነው። ፈጽሞ ባይቃናም አይክፋን፤ ከዚህ በላይ አለመውረዱ ይበቃል። ምሰሶውም እንዲሁ ወለሉ ላይ አይቁም፤ ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ መሠረት ይደረግለት።

እስከዚያ ድረስ በሩ ተዘግቶ በጎን በር እንገልገል። ልጆችም ጥላ ፍለጋ ከሥሩ እንዳይጫወቱ ወላጆች ይቆጣጠሩ። ለሱቅ ወይም ለመስታወት በር ብላችሁ የቤታችሁን ግድግዳ ለማስከፈት ያሰባችሁም ከኛ ተማሩ፤ ቋሚ ከመንቀላችሁ በፊት የሚያውቅ ባለሙያ ጠይቁ።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ መጥታችሁ ድምፅ ስጡ። የማይስማማም ይምጣና ይናገር፣ እንሰማለን። ዕድር ያቋቋምነው ሰው ሲሞትብን ለመቅበር ነው እንጂ፣ በገዛ ጣሪያችን ሰው ገድለን ለመቅበር አይደለም።

የማኅበሩ ጸሐፊ