ጄሎ ሾት፦ ኬክ ይመስላል፣ መጠጥ ነው



በዚህ ሳምንት ኢንቦክስ ከገቡልኝ ጥያቄዎች አንዷ እንዲህ ትላለች፦ «ዶክተር፣ ለጓደኛችን ብራይዳል ሻወር የቲራሚሱ ጄሎ ሾት ልንሠራ ነው። ለጤና ችግር አለው እንዴ? ኬክ በለው እኮ።»

የመጨረሻዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። ጠያቂዬን ልወቅስ አይደለም፤ በጨዋነት ነው የጠየቀችኝ። ግን ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ነገር በሙሉ እዚያች ቃል ውስጥ ስላለ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ጄሎ ሾት ማለት ጄሊ በቮድካ፣ በሩም ወይም በሊከር ተሠርቶ፣ በሚጢጢ የፕላስቲክ ኩባያ ፍሪጅ ውስጥ እንዲረጋ ተደርጎ የሚበላ መጠጥ ነው። አዎ፣ የሚበላ መጠጥ። አሁን አሁን ደግሞ የቺዝኬክ፣ የቲራሚሱ፣ የሎሚ ኬክ ጣዕም እየተሰጠው፣ ክሬምና ኮኮዋ እየተነሰነሰበት ቲክቶክ ላይ በሽ ነው። እኛም ቤት ገብቷል፤ ልደት ላይ፣ ምርቃት ላይ፣ የሙሽራ ሚዜዎች ፕሮግራም ላይ አይቻለሁ። በልቻለሁም። ይጣፍጣል፣ አልዋሽም።

አሁን አንድ እሁድ ጠዋት ልውሰዳችሁ። ዝርዝሩን ሆን ብዬ ቀይሬዋለሁ።

የድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። አንዲት እናት የ4 ዓመት ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። ልጅቷ ዝልፍልፍ ብላለች፣ ስትጠራ ዓይኗን ከፈት አድርጋ መልሳ ትጨፍናለች፣ ላብ በላብ ሆናለች። ትኩሳት የላትም። ወድቃ ጭንቅላቷን አልተመታችም። በረኪና፣ የአይጥ መርዝ፣ የአያት መድኃኒት፣ አንድ በአንድ ጠየቅን። ሁሉም የለም። «ምን በላች?» ስንላት እናትየው «ኧረ ምንም! ፍሪጅ ከፍታ ጄሊ ብቻ ነው የበላችው» አለች።

ሲስተር ጣቷን ወግታ ስኳሯን ስትለካ ከ40 በታች ነው። ግሉኮስ በደም ሥር ሰጠናት። ልጅቷ ነቃ ማለት ስትጀምር እናትየው ለእህቷ ደወለች። ማታ ቤቱ ውስጥ የእህትየው ልደት ነበር። ስልኩ ላውድ ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን፤ መጀመሪያ ዝምታ፣ ቀጥሎ «የቱን ጄሊ?» የሚል ድምፅ። ያን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም።

ልጅቷ ድናለች፤ በማግስቱ እየዘለለች ነው የወጣችው። አክስትየው ግን ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ ነበር። ክፉ ሰው አይደለችም። የተረፈውን በሥርዓቱ ፍሪጅ አስገብታ ነው የተኛችው። ምግብ አይደል? ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ለምን እንደዚያ ሆነች? አልኮል ጉበት አዲስ ስኳር እንዳይሠራ ያግዳል። አዋቂ ሰው መጠባበቂያ አለው። ትንሽ ልጅ ግን ያለው ክምችት ጥቂት ነው፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ ሳይበላ አድሮ ጠዋት ላይ ሊያልቅ የተቃረበ ነው። በዚያ ላይ አልኮል ሲጨመርበት ስኳሩ በፍጥነት ይወርዳል፣ ልጁ ሊንቀጠቀጥ ወይም ራሱን ሊስት ይችላል። የስካር ምልክት እስኪታይ መጠበቅም አያስፈልግም።

አሁን ሒሳብ እንሥራ፣ ምክንያቱም «ትንሽ ናት እኮ» የሚለው ክርክር የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አንድ ፓኬት ጄሊ፣ 240 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ፣ ከዚያ በቀዝቃዛው ውኃ ፈንታ 240 ሚሊ ሊትር ቮድካ። ቮድካው 40 በመቶ ከሆነ ውስጡ ወደ 76 ግራም ንጹሕ አልኮል አለ። በ16 ኩባያ ብታካፍሉት ለአንዷ ኩባያ 5 ግራም አካባቢ ይደርሳታል። የ5 በመቶ ቢራ አንድ ጠርሙስ፣ 330 ሚሊ ሊትሩ፣ ወደ 13 ግራም ይይዛል። ስለዚህ ሦስት ኩባያ ጄሎ ሾት አንድ ቢራ ነው። ቢራውን ግን እያወራችሁ ግማሽ ሰዓት ትይዙታላችሁ፤ ሦስቱን ኩባያ በሁለት ደቂቃ ትውጧቸዋላችሁ።

14 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ሁለቱን ብትበላስ? በደሟ ውስጥ የሚኖረው መጠን በአብዛኛዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ለአሽከርካሪ ከተቀመጠው ጣሪያ፣ ከ0.08 በመቶ፣ ሊያልፍ ይችላል። ሁለት ኩባያ! አንድ ልጅ ጄሊ አግኝቶ ሁለት ላይ ሲያቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ግን ሲፈላ አልኮሉ ይተናል አይደል?» የሚል አይጠፋም። አይተንም። ቮድካው የሚገባው ውኃው ከወረደና በረድ ካለ በኋላ ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። (አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል። ድስቱ ምድጃ ላይ እያለ የምትጨምሩ ካላችሁ እባካችሁ ተዉ፤ እንፋሎቱ እሳት ይይዛል፣ ፊት ያቃጥላል።) ጄላቲን ደግሞ በሰውነታችን ሙቀት ይቀልጣል። ሆድ ሲደርስ ጄሊነቱ ያበቃል፣ የሚቀረው ስኳርና ቮድካ ነው። አልኮሉ በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሆድ ሙሉ ከሆነ ከዚያም ይቆያል። በመሀል ሰውየው «ምንም አልያዘኝም» ብሎ አራተኛዋንና አምስተኛዋን ያነሳል። ጉበት ደግሞ በሰዓት የሚያቃጥለው በግምት ከ7 እስከ 10 ግራም ነው። ሙዚቃ ስለተከፈተ አይፈጥንም።

እንግዲህ የኔ አቋም ይኸው። አልኮሉ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሀገራችን ጠጅ የጣለች፣ ጠላ የጠመቀች ሀገር ናት። እኔን የሚያስፈራኝ መደበቁ ነው። አስተውላችሁ ከሆነ አያቶቻችን መጠጥን በዕቃው ነው የሚያስታውቁት። ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ በመለኪያ። ማንም ብርሌ አይቶ ሻይ መስሎት አያውቅም። ለልጆችና ለማይጠጣ ሰው ደግሞ ብርዝ አለ፤ ለብቻው ነው የሚዘጋጀው፣ ለብቻው ነው የሚቀዳው፣ ስሙም ሌላ ነው። የቲራሚሱ ጄሎ ሾት ይህን ሁሉ ያጠፋዋል። ቅርጹ የልጅ ምግብ፣ ጣዕሙ የኬክ፣ ማስቀመጫው ፍሪጅ። ጥሩ ተሠራ የሚባለውም ቮድካው ጭራሽ ካልተሰማ ነው። የሙያው ጥግ መደበቅ ሲሆን፣ እኔ እንደ ሐኪም ምን ልበል?

ይህን ያስተዋልኩት የመጀመሪያው ሰው ደግሞ አይደለሁም። ጄሪ ቶማስ የሚባል አሜሪካዊ ባርማን እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው የመጠጥ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ «ፓንች ጄሊ» አለ። እዚያው አሠራሩ ሥር ያስጠነቅቃል፤ ጄላቲኑ የመጠጡን ኃይል ስለሚሸፍነው ብዙዎች ሳያውቁት አብዝተው በልተው፣ ከራት በኋላ መደነስ እንዳቃታቸው ይናገራል። ቶም ሌረር የተባለው የሒሳብ ምሁርና ዘፋኝም በ1950ዎቹ ወታደር ሳለ ጄሎን በቮድካ የሠራው የመጠጥ ክልከላውን ለማለፍ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ነገሩ ከጥንቱም ድብብቆሽ ነው ማለት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ አትሥሩ በለና!» ልትሉኝ ነው። አልልም። ብልስ ማን ይሰማኛል? ሠላሳ ደቂቃ የሚፈጅ ቪዲዮ ሳይሆን ሠላሳ ሴኮንድ የሚፈጅ ሪል አይታችሁ ልትሠሩት ነው። ስለዚህ የኔን አሠራር ልንገራችሁ።

14 ግራም ጣዕም የሌለው ጄላቲን በ120 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ነስንሱና አምስት ደቂቃ ተዉት። 240 ሚሊ ሊትር ትኩስ የጀበና ቡና (አቦሉን፣ ቶናው ይቀጥናል) ከስኳር ጋር ጨምሩበትና እስኪሟሟ አማስሉ። ሲበርድ 120 ሚሊ ሊትር ቮድካ ጨምሩ። በሜዠሪንግ ካፕ ለኩ እንጂ «በግምት» እያላችሁ አታንቆርቁሩ። 16 ኩባያ ይወጣዋል፤ ለእያንዳንዷ 2.4 ግራም አካባቢ አልኮል ይደርሳታል፣ ከተለመደው ግማሽ። ከላይ ክሬምና ኮኮዋ። ጣዕሙ ቲራሚሱ ነው፣ ቮድካውም ትንሽ ይሰማል። ይሰማ! ቡናው ያነቃናል ብላችሁ ግን አትሳሳቱ፤ ካፌይን እንቅልፉን ያባርር ይሆናል እንጂ ስካሩን አይቀንስም።

አናናስ ወይም ፓፓያ ካማራችሁ ጥሬውን አትጠቀሙ፤ ኢንዛይማቸው ጄላቲኑን ስለሚበላው አይረጋም። የታሸገው በሙቀት ስላለፈ ይሆናል። አረቄ ግን በፍጹም። ቤት የወጣ አረቄ ስንት በመቶ እንደሆነ አይታወቅም፤ ሜታኖል ያለበት ከሆነ ደግሞ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል፣ ጣፋጩም ጠርጥሮ የመትፋት ዕድላችሁን ይቀንሰዋል። መብራት ጠፍቶ ክሬም ያለበት ነገር ለሰዓታት ውጭ ከቆየም ጣሉት። 10 በመቶ አልኮል ባክቴሪያ ይገድላል ብላችሁ እንዳትጽናኑ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ጄላቲን የሚሠራው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው፤ ከበሬም ሊሆን ይችላል፣ ከአሳማም። ስለዚህ የሚጾም፣ ሃላል የሚመገብ እንግዳ ካላችሁ ፓኬቱን አንብቡ። ከባሕር አረም የሚሠራ አጋር-አጋር የሚባል አማራጭ አለ። ይሄ ከሕክምና ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። የሚያገናኘው ሰው ወደ ሰውነቱ የሚገባውን የማወቅ መብት ስላለው ነው፣ የጄሎውም ጉዳይ ይኸው ነው።

መድኃኒት ላይ ያለ ሰውም እንግዳ መካከል አይጠፋም። ለአሜባ ወይም ለጃርዲያ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል የጀመረ፣ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ላይ ያለ የስኳር ታማሚ፣ ዳያዜፓም ወይም ትራማዶል የወሰደ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከአልኮል ጋር ትንፋሽ ያዳክማሉ። እነዚህ ሰዎች ቢራ ብታቀርቡላቸው «አይ፣ መድኃኒት ላይ ነኝ» ይላሉ። ኬክ ብታቀርቡላቸው ግን «እሺ፣ ትንሽዬ» ነው የሚሉት። መጠጥ ካቆመ ስድስት ወር የሆነው፣ ለማንም ያልተናገረው ጓደኛችሁም እንደዚያው። ለእሱ አንዷ ኩባያ ምን እንደምታፈርስ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ ትሪው ላይ በትልቁ «አልኮል አለው» ብላችሁ ጻፉ። ሰርፕራይዝ የሚባል ነገር የለም፤ ሰውን ሳያውቅ ማስከር ቀልድ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ባዶ ኩባያውን ፊቱ ይደርድር፣ አይጣል፤ ቆጠራ ነው። የነዳ ሰው አይንካው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት አልኮል ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሸጥም፤ ቲንኤጀር የእህት ልጅ «ጄሊ ነው» ተብሎ አይሰጠው። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ አይደር። እዚያው ማታውኑ፣ ሲንክ ውስጥ፣ ሙቅ ውኃ ይከፈትበት። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፤ ቮድካ ውድ ነው።

ልጅ ከበላ ደግሞ አትጠብቁ። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር ያለው ነገር እየሰጣችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ፣ ወይ 907 ደውሉ። ባዶ ኩባያዎቹን ይዛችሁ ኑ። እንዳያስታውክ እንጂ እንዲያስታውክ አታድርጉ። አዋቂም ቢሆን ጠርታችሁት ካልመለሰ በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት፤ ቡናና ቀዝቃዛ ሻወር አያነቃም። ለሐኪሙ ደግሞ እውነቱን ንገሩን። ያቺ እናት ስላላወቀች ነው ያልነገረችን፤ አውቆ የሚደብቅ ግን ጊዜያችንን ይበላል። ፖሊስ አንጠራባችሁም፣ ስኳሩን ነው የምንለካው።

ለጠያቂዬ ይህን ሁሉ በአጭሩ ስጽፍላት ስንት ሰው እንደሚመጣ ጠየቅኳት። 14፣ አለችኝ፤ 64 ኩባያ ልትሠራ አስባ ነበር። ማን ማን ነው ስላት መዘርዘር ጀመረች፣ ስድስተኛዋ ላይ ስትደርስ «ውይ!» ብላ ጻፈች። ስድስተኛዋ ጓደኛቸው የሦስት ወር እርጉዝ ናት። በእርግዝና ወቅት ደግሞ አይጎዳም የሚባል የአልኮል መጠን አይታወቅም።

አሁን ሁለት ትሪ ነው የምትሠራው፣ አንዱ ያለ ቮድካ፣ በነጭ ኩባያ፤ ሌላው በቀይ፣ ተጽፎበት። የትኛው ቀድሞ እንዳለቀ እንድትነግረኝ ጠይቄያታለሁ።