ቀጥቃጭ ስድብ አይደለም

ሃሪ ፖተርን የማያውቅ የኛ ዘመን ልጅ ያለ አይመስለኝም። እስቲ ስሙን ወደ አማርኛ መልሱት፦ «ሃሪ ሸክላ ሠሪው»። እኛ ሰፈር በዚህ ስም ቢመጣ አብሮት ማዕድ የሚቆርስ ስንት ሰው ይገኝ ነበር?

እንግሊዞች ዘንድ በብዛት የሚገኘው የቤተሰብ ስም ስሚዝ ነው፤ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ሜሰን ድንጋይ ጠራቢ፣ ታነር ቆዳ ፋቂ፣ ዌብስተር ሸማኔ ነው። ዎከር እንኳ መንገደኛ እንዳይመስላችሁ፤ ጨርቅ በእግሩ እየረገጠ የሚያጠራ ባለሙያ ነበር። ብረት የሚሠራውን «ጥቁር ቀጥቃጭ»፣ እንደ ቆርቆሮ ያለውን ነጣ ያለ ብረት የሚሠራውን «ነጭ ቀጥቃጭ» እያሉም ይለዩ ነበር። እዚያ አገር ባለሙያ ሁሉ ተከብሮ ኖረ እያልኩ አይደለም። ግን ስሙ አላሳፈረም፤ የልጅ ልጆቹ ዛሬም ፓስፖርታቸው ላይ ይዘውት ይዞራሉ።

እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ እጃጂ ነው። ልጅ ሆኜ «የአባት ሥራ» የሚል ፎርም ሲሰጠኝ «ነጋዴ» ብዬ ሞላሁ። ዋሸሁ። አባቴ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ነው የሚሠራው። በገበያ ቀን ገበሬው ሁሉ እሱ ደጅ ነው፤ ማረሻውን አስተካክሎ፣ ከፍሎና አመስግኖ ይሄዳል። እናቴ ቡና ስትጠራው ግን ሁልጊዜ ይቸኩላል። አባቴ የሠራው ብረት እርሻው ድረስ ይገባል፤ እሱ ግን የአባቴ ቤት አይገባም።

በሰፈራችን ኦሮምኛ ቀጥቃጭ «ቱምቱ» ይባላል፤ «ቱሙ» መቀጥቀጥ ነው። በገዳ ሥርዓት ሕግ ሲወጣ የሚባለው ደግሞ «ሴራ ቱሙ» ነው። ልብ አድርጉ፣ ያው ቃል ነው። ሕግም እንደ ብረት ይቀጠቀጣል። ታዲያ ሕግ የሚቀጠቅጠውን አክብረን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን የናቅነው በየትኛው ሕግ ነው?

አማርኛውም አይሻልም። «ጠይብ» የመጣው ከግዕዙ «ጠቢብ» ነው፤ ብልህ፣ ዐዋቂ ማለት። ጥበብና ጠይብ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በጥምቀት አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲወጣ የነጩን ሸማ ጠርዝ «ጥበብ» ብለን እናደንቃለን፤ ያችኑ ቃል ዞር አድርገን ሰው ላይ ስንለጥፋት ግን «ጠይብ» ሆና ስድብ ትሆናለች፤ ሲብስም «ቡዳ» ይከተላታል። ነጩን እንለብሳለን፣ ሠሪውን እንሸሻለን።

ድንጋዩም ላይ ያው ነን። የላሊበላን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለዓለም እናሳያለን። ማን ጠረባቸው ሲባል ቶሎ የሚቀናን ሌሊት ሌሊት መላእክት እንደ ሠሩ መናገር ነው። እምነቱን አልነካም። ግን ያው ትውፊት ቀን ቀን ሰዎች ይሠሩ እንደነበርም ይናገራል። መሮ ይዞ ሲጠርብ የዋለውን ሰው ስሙን ጠይቀን እናውቃለን?

«ስለዚህ ቃሉን እንቅበረው» የሚሉ አሉ። ቀጥቃጭ አትበሉ፣ «የብረታ ብረት ቴክኒሺያን» በሉ። አሳባቸው ደግ ነው፤ አልተቀበልኩትም እንጂ። እብን ድንጋይ ነው፣ በረድም ያው በረዶ፤ «እብነ በረድ» የሚል እንዲህ ያለ ነጭ ቃል እያለን ሱቁ ሁሉ «ማርብል» ሆኗል። ድንጋዩ ግን በአዲሱ ስም አልነጣም። አባቴም ቴክኒሺያን ስለተባለ ያ ገበሬ ቡና ሊጠጣ አይገባም። ንቀቱ ካለ አዲሱንም ቃል ያቆሽሸዋል። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ጠይብ አለላችሁ፤ ከሱ የተሻለ የክብር ስም ከየት ይመጣ ነበር? እሱንም አቆሸሽነው።

አዋጅም ተሞክሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኔ ፎርም ላይ የዋሸሁት ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ነው። አዋጅ ስድብን ይከለክላል፤ ሰውን ቡና ላይ አያስቀምጥም።

ቃሉ የሚጠራው ሲቀበር ሳይሆን በክብር ሲነገር ነው። ቲክቶክ ላይ «ቡዳ» እያሉ መሳቅ ይብቃ፤ ከዚያ ሳቅ ጀርባ ስልኩን ዘግቶ የሚቀመጥ ልጅ አለ። እኔ ነበርኩ። ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። ወናፉን፣ መስፉን፣ ጉጠቱን አሳየን በሉ። እነዚህ ቃላት ያሉት እነሱ አፍ ውስጥ ነው፤ ሰዎቹን ስንሸሽ ከቃላቱም ነው የምንሸሸው።

አባቴ አንድ ነገር ይላል፦ አፈር ውስጥ የሚውል ማረሻ ይነጣል፣ የተሰቀለ ይዝጋል። እኔም «ቀጥቃጭ» የሚለውን ቃል ከተሰቀለበት አውርጃለሁ። ያ ፎርም ዛሬ ቢመጣ በትልቁ ነው የምጽፈው።

የናንተ ድርሻ ከዚህ ይቀላል። እጃጂ ስታልፉ፣ ደጃችን ላይ ቡና ተጠርታችሁ እንደሆነ፣ አትቸኩሉ። ግቡ።