ወንድሜ ነህና ደመወዝህ ይቆይ?



ዛሬ የምናነሣው ርዕስ ከቤተሰብ ዓምድ ወጣ ያለ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ባለትዳሮች አብረው ሠራተኛ ያስተዳድራሉ። በኮልፌ ቀራንዮ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤናና ቤቴል ብንመለከት ባልና ሚስት ተጋግዘው የሚያሠሯቸው የብረት በርና መስኮት ቤቶች፣ የእንጨት ሥራዎች፣ የልብስ ስፌቶችና የእንጀራ መጋገሪያዎች ጥቂት አይደሉም። ሱቅ የሌለውም ቢሆን በቤቱ ሠራተኛ ይኖረዋል። ከእነዚህ ወገኖች ደጋግሞ የሚሰማው ሮሮ ደግሞ አንድ ነው፤ «የዘንድሮ ሠራተኛ ልቡ ሥራው ላይ የለም፤ ቆመህ ካላየኸው አይሠራም።»

ልቡ የት ሄደ? የእግዚአብሔር ቃል መልስ አለው።

ያዕቆብ ወደ አጎቱ ወደ ላባ ቤት በመጣ ጊዜ ላባ የተናገረው መልካም ነበር። ዘመዱ ስለሆነ ብቻ በነጻ ሊያገለግለው እንደማይገባ ነግሮ ደመወዙን ጠየቀው (ዘፍ. 29፥15)። ያዕቆብም በሙቀትና በብርድ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ሃያ ዓመት ሠራ። ላባ ራሱ በያዕቆብ ምክንያት እንደተባረከ መስክሯል (ዘፍ. 30፥27)። ይሁን እንጂ ደመወዙን አሥር ጊዜ ለዋወጠበት። በመጨረሻም እግዚአብሔር ወደ አገሩ እንዲመለስ በነገረው ጊዜ ያዕቆብ ላባን ሳይሰናበት ተነሥቶ ሄደ። የላባ ሴቶች ልጆች እንኳ አባታቸውን ትተው ከባላቸው ጎን ቆሙ (ዘፍ. 31)። ላባ ትጉህ ሠራተኛ ነበረው፤ የሠራተኛውን ልብ ግን በገዛ እጁ አጣው።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ በእኛም ዘንድ አለ። ከቤተ ክርስቲያን ያገኘነውን ወጣት እንቀጥርና ወሩ ሲያልቅ «አንተ እኮ ወንድማችን ነህ፣ ትንሽ ታገሠን» እንለዋለን። ከገጠር «ላስተምርሽ» ብለን ያመጣናትን የዘመድ ልጅ «እሷማ የቤት ልጅ ናት» እያልን ደመወዟን እንረሳለን። ወጣቱ ገንዘቡን ቢጠይቅ መንፈሳዊ ያልሆነ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ዝም ይላል። በዚያው እሑድ እኛ ለሕንፃ ሥራ ቃል የገባነውን ስንከፍል ያየናል። ያልተከፈለ ደመወዝ ግን ወደ እግዚአብሔር ጆሮ ይጮኻል (ያዕ. 5፥4)።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ደመወዝን በቀኑ እንክፈል። ሙሴ የድሀውን ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ እንድንሰጥ አዝዟል (ዘዳ. 24፥15)። በድርጅታችን ከሠራተኛው ለጡረታ የምንቆርጠው 7 በመቶና እኛ የምንጨምረው 11 በመቶ ገቢ መደረግ አለበት። ቆርጦ ማስቀረት ስርቆት ነው።

ሁለተኛ፣ ዕረፍቱን እናክብር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዝዛል። በዕረፍት ቀን ያሠራ እጥፍ ይከፍላል። አዋጁ በግል መኖሪያ ቤት የምትሠራዋን እህት አይሸፍናትም። በዚህ አዋጅ ያልተሸፈነችውን ሰንበትን የሰጠ አምላክ እያየ፣ እኛ ቸል ልንላት ይገባል? ያ ትእዛዝ እኮ አገልጋይንና አገልጋይትን በስም ጠርቶ ያሳርፋል (ዘዳ. 5፥14)።

ሦስተኛ፣ መልካም ሥራውን አይተን እንናገር። ቦዔዝ ወደ እርሻው ሲደርስ አስቀድሞ አጫጆቹን በበረከት ሰላምታ ሰጣቸው፤ በምሳ ሰዓትም አብሯቸው ተቀመጠ (ሩት 2፥4፣ 14)። ስሕተትን ለብቻው ጠርቶ መንገር፣ ምስጋናን ግን በሰው ፊት መስጠት ብዙ ይሠራል። የለፋበትን በር ደንበኛው ሲያደንቅ «የእሱ እጅ ነው» ማለት ወጪ የለውም።

አራተኛ፣ ባልና ሚስት በአንድ ቃል እንናገር። እርሱ «ይህን ጨርስ» ሲል እርሷ «ተወውና ና» ካለች ሠራተኛው በሁለት ጌታ መካከል ይጨነቃል። በመጨረሻም ማንንም ላለማስቀየም ምንም ሳይሠራ ይቆማል። ልዩነታችንን ማታ በመኝታ ቤታችን እንጨርስ፤ ጠዋት አንድ ትእዛዝ ይውጣ።

አምስተኛ፣ ጸሎትን መገሠጫ አናድርግ። ኮልፌ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ጴንጤው ጎን ለጎን የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ጠዋት ከሠራተኞቻችን ጋር የምንጸልይ ከሆነ በፈቃዳቸው ይሁን፤ ጊዜውም ከሥራ ሰዓት ይቆጠር። «ጌታ ሆይ፣ ሰነፎችን ቀስቅስ» እያልን በጸሎት የምንወቅሰው ሰው ከእኛም ከወንጌሉም ይሸሻል። እምነቱ ሌላ የሆነ ሠራተኛ ስለ ክርስቶስ የሚያነበው የመጀመሪያ መጽሐፍ የደመወዝ ቀናችን ሊሆን ይችላል።

ለእኛም በሰማይ ጌታ እንዳለን አንርሳ (ቆላ. 4፥1)። እርሱ እኛን የሚያሠራን እንደ ላባ ቢሆን ኖሮ ማን ይቆም ነበር?

ለባልና ሚስት የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ዛሬ በእጃችን ያለ፣ የሠራተኛችን የሆነ ገንዘብ አለ? መቼ እንከፍለዋለን?
2. ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ገሠጽነው? ስንት ጊዜስ አመሰገንነው?
3. ሠራተኛችን የሚያርፍበትን ቀን ሁለታችንም እናውቃለን?

ጌታ ቤታችሁንና የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።