ሳትጠየቅ የተፈረደባት ሚስት

በራስ መኮንን ድልድይ ስንሻገር አንድ ወዳጃችን ሚስቱን በሰማው ወሬ ሊፈታት እንደ ቈረጠ አጫወተን። እኛም ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን ኦቴሎ ነገርነው። ይህ ተውኔት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1604 በሎንዶን ቤተ መንግሥት ታይቶ ነበር።

ዴዝዴሞና አባቷን ሳታስፈቅድ ኦቴሎን ወድዳ አገባችው። እርሱ ግን በኢያጎ ሐሜትና በአንድ መሐረብ ምክንያት ከሳሽም ዳኛም ሆነባት። መሐረቡን ለካስዮ እንዳልሰጠች፥ እርሱም ተጠርቶ እንዲጠየቅ ብትለምነው፥ አልሰማትም፤ አንቆ ገደላት። መሐረቡን ወድቆ አግኝታ ለባሏ ለኢያጎ የሰጠች ራሷ እንደ ነበረች ኤሚልያ የመሰከረችው ከዚህ በኋላ ነው።

በችሎት የአንድ በግ ክርክር እንኳ ምስክር ሳይሰማ አይቈረጥም። የትዳር ነገር ከበግ ያንሳልን? ወዳጃችን ሆይ፥ አስቀድመህ ሚስትህን ጠይቃት።