ስለ አዲስ ተጫዋች መቸኰል አይገባም

የቅርጫት ኳስ ወዳጆች ውድድሩ ሳይከፈት በሚደረጉት የመለማመጃ ጨዋታዎች አዲስ ተጫዋች አይተው ወዲያው ሲያወድሱ ወይም ሲነቅፉ እንሰማለን። ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው።

ፈረንሳዊው ቪክቶር ዌምባንያማ በ2023 እ.ኤ.አ.፥ በ19 ዓመቱ፥ ለአሜሪካው ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ክለብ ተመረጠ። በላስ ቬጋስ ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ከ13 ውርወራ 2 ብቻ በማግባቱ ተስፋ የቈረጠበት ሰው ጥቂት አልነበረም። በሁለተኛው ግን 27 ነጥብ አስቈጠረ። ውድድሩ ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ደግሞ በኦክላሆማ ሲቲ በ19 ደቂቃ 20 ነጥብ ስላገኘ፥ ተመልካቹ ክለቡን ከደመና በላይ አወጣው።

ሁለቱም ፍርድ አልጸናም። ወጣቱ በዘመኑ መጨረሻ ከአዲሶቹ ተጫዋቾች ሁሉ የብልጫውን ሽልማት ተቀበለ፤ ክለቡ ግን ከ82 ጨዋታ 60ውን ተሸነፈ። አንድ ሰው ምንም ቢረዝም፥ ጓደኞቹ ካልተዋሐዱት ብቻውን ክለብ አይሆንም።

የመለማመጃ ጨዋታ አሠልጣኙ ማን ከማን ጋራ እንደሚስማማ የሚፈትንበት ነው እንጂ፥ ሕዝብ የሚፈርድበት ሸንጎ አይደለም፤ ውጤቱም በውድድሩ አይቈጠርም። ስለዚህ አዲስ ተጫዋች ሊመዘን የሚገባው ከትናንት ስሕተቱ ዛሬ በተማረው ነው እንላለን። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤ ጊዜ ሳያገኝ የሚሰብረው ግን የተመልካች ችኰላ ነው።